ትምህርት ቤት ያልተባሉ ትምህርት ቤቶች
(በደቡብ አፍሪቃ ስለ ነበሩት የባሕል ክበቦች)

አንድ ገዢ ፓርቲ ትምህርትን ለራሱ ዓላማ ሲያውለው፣ የማይስማማው ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ ይችላል። ካስወጣው በኋላስ የት ያውለዋል? ይህ ጥያቄ በደቡብ አፍሪቃ እንዴት እንደ ተነሣና ምን መልስ እንደ ተሰጠው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1948 ሥልጣን የያዘው ናሽናል ፓርቲ በ1953 የባንቱ ትምህርት የተባለውን ሕግ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ከጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት ሚስዮኖች ነበሩ። ሕጉ ሥልጣኑን ወስዶ ዶክተር ሄንድሪክ ፈርቩርት ሚኒስትር ለሆኑበት ለአገር ተወላጆች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰጠ። ሚኒስትሩም ዓላማቸውን አልሸሸጉም። ጥቁሩ ከአንዳንድ የጉልበት ሥራ በላይ በነጮች ማኅበር ውስጥ ስፍራ እንደሌለው በ1954 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በግልጽ ተናገሩ። በጀቱም ከዚሁ አሳብ ጋር የተስማማ ነበር፤ ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ በዓመት የሚሰጠው በ6.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተወሰነ፣ የቀረው ጥቁሮቹ ራሳቸው ከሚከፍሉት ግብር እንዲሟላ ተደረገ። ይኸውም ተማሪው በበዛ ቍጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይሳሳል ማለት ነው።

የአፍሪቃ ናሽናል ኮንግሬስ በዲሴምበር 1954 ባደረገው ጉባኤ ልጆች ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች እንዲወጡ ወሰነ። መሪዎቹ ዝግጅቱ ገና ነው ብለው ቢያመነቱም፣ ከጆሐንስበርግ በስተ ምሥራቅ በቤኖኒ፣ በብራክፓንና በጀርሚስተን የሚገኙት ሰዎች በኤፕሪል 1955 አድማውን ጀመሩ። ሚኒስትሩ እስከ ኤፕሪል 25 ያልተመለሰ ልጅ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አይገባም ብለው አስታወቁ። በዚህ ምክንያት 7,000 ያህል ልጆች ውጭ ቀሩ።

የባሕል ክበቦች የተቋቋሙት ለእነዚህ ልጆች ነው። ሳይመዘገቡ ትምህርት ቤት መክፈት በሕጉ ወንጀል ስለ ነበረ፣ ትምህርት ቤት ተብለው ሊጠሩ አልቻሉም። ጥቁር ሰሌዳም፣ ጠመኔም፣ የመማሪያ መጽሐፍም ሊኖራቸው አይችልም፤ ከተገኘባቸው ፖሊስ ማስረጃ ያደርገዋል። (ጠመኔ የወንጀል ማስረጃ የሚሆንበት አገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?) ስለዚህ መሪዎቹ ሒሳቡን በጨዋታ፣ ታሪኩንና ጂኦግራፊውን በዘፈንና በተረት አድርገው ያስተምሩ ጀመር። የአፍሪቃ ትምህርት ንቅናቄ የተባለ ማኅበርም ለክበቦቹ የትምህርት ጽሑፍ እያዘጋጀ ይረዳቸው ነበር።

አንዳንዶች የክበቦቹን መዳከም በገንዘብ እጦትና በፖሊስ ማስፈራራት ብቻ ይተረጕሙታል። ሁለቱም እውነት ነው። እኛ ግን ዋናው ችግር ሌላ ይመስለናል። ክበቡን ከሕግ ያስጣለው ትምህርት ቤት አለመሆኑ ነበር፤ ወላጁ የሚፈልገውን እንዳይሰጥ ያደረገውም ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ በነጭ ቤት ወይም በፋብሪካ የምትውል እናት ልጇ በዘፈን ያወቀውን ታሪክ ብትወድም፣ ሥራ የሚያስገኝለት ግን የምስክር ወረቀት ነው። እርሱንም የሚሰጠው ያው የተጠላው ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። አዘጋጆቹ ለአድማው ቀን እንጂ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት አልተሰናዱም።

ብዙዎቹ ልጆች ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ክበቦቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰሙ። በጁን 1976 በሶዌቶ፣ በአፍሪካንስ ቋንቋ ተማሩ መባሉን ተቃውመው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች የተነሡት ከዚያው ከባንቱ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ነው።