አዳኞችና የዱር እንስሳት ጥበቃ

በአሜሪካ በርካታ አዳኞች የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅቶችን መደገፍን እንደ ኃላፊነታቸው ይቆጥሩታል። ምክንያቱም መኖሪያው ሲጠፋ እንስሳው ይጠፋል፤ እንስሳው ሲጠፋም አደን ይቀራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ያለገደብ የተካሄደው አደን ባይሰን የተባለውን የአሜሪካ ጎሽ ዘሩን ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለውን የአዳኞች ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። በ1937 ደግሞ የዳክዬ አዳኞች ረግረጋማ ቦታዎችን የሚጠብቀውን ዳክስ አንሊሚትድን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ በአደን ጠመንጃና ጥይት ላይ የሚጣለው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ።

ይሁን እንጂ የአዳኞቹ አስተያየት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ለአደን ፈቃድ የሚከፍሉት ገንዘብና ግብሩ በቂ ነው ይላሉ። ሌሎች መሬት ገዝተው ለሚያስጠብቁና ረግረጉን መልሰው ለሚያለሙ ድርጅቶች በፈቃዳቸው ይለግሳሉ። አደንን የሚቃወሙ ድርጅቶችን ግን ብዙዎቹ በጥርጣሬ ያያሉ። በአንጻሩ ተቺዎች ገንዘቡ በአብዛኛው ለሚታደኑ እንስሳት እንደሚያደላ ይናገራሉ። ሆኖም የተጠበቀ ረግረግ ከዳክዬ ሌላ ለእንቁራሪት፣ ለዓሣና ለማይታደኑ አእዋፍም መጠለያ ስለሚሆን፣ ጥቅሙ ከአዳኞች አልፎ ለሁሉም ይተርፋል።