ጎዴ ላይ የተገደሉት ስዊድናዊ አብራሪ

አዲስ አበባ የባዕዳንን ስም የምታቆየው አብዛኛውን ጊዜ በአፍ ነው። ካዛንቺስ ላይ «ባምቢስ ወራጅ!» የሚል ተሳፋሪ አንድ ግሪካዊ ባለ ሱፐርማርኬት ይጠራል፤ ሰውየውን ባያውቀውም ስሙ አይጠፋም። እዚችው ከተማ የተቀበሩትን ስዊድናዊ አብራሪ፣ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንን፣ ግን ወራጅ አይጠራቸውም። መታሰቢያቸው መቃብራቸው ነው፤ እሱንም አንዳንዶች በስሕተት ያነቡታል።

ስሕተቱ «በኦጋዴን ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመቶ የሞቱ የጦር አብራሪ» የሚለው ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጎዴን በድንገት ሲያጠቃ የ67 ዓመቱ ፎን ሮዘን ምድር ላይ ነበሩ። እዚያ ያደረሳቸውም የእርዳታ ሥራ እንጂ የውጊያ ትእዛዝ አልነበረም። የሚሞግት አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ ያደራጁት እሳቸው አይደሉም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1969 ከናይጄሪያ ተገንጥላ ለነበረችው ለቢያፍራ ተሰልፈው የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች በሮኬት አልደበደቡም ወይ? አዎ፣ ደብድበዋል፤ ይህን መሸሸግ ታሪክን ማጉደል ነው። ነገር ግን መነሻቸውንና መድረሻቸውን እንይ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ይዘው ነው። ቢያፍራም መጀመሪያ የገቡት ለተራበው ሕዝብ ምግብ ጭነው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ቢያፍራ ላይ ያበረሯት አውሮፕላንና የተከታይዋ ታሪክ ነው። ኤምኤፍአይ 9 የምትባለው ይህች ትንሽ አውሮፕላን በክንፎቿ ሥር ሮኬት ተሸክማ ነበር። እሷን የነደፈው መሐንዲስ ሥራ የሆነችው ኤምኤፍአይ 15 ደግሞ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ረሃብ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በክንፎቿ ሥር የእህል ከረጢት ተሸከመች። መንገድም ማረፊያም በሌለበት ቦታ ፎን ሮዘን ዝቅ ብለው እየበረሩ ከረጢቱን ያለ ጃንጥላ ይጥሉት ነበር፤ ከፍ ካሉ ይፈነዳል፣ እህሉም ይበተናል። ከጦርነት የተማሩትን ዝቅ ብሎ የመብረር ጥበብ ለእህል አዋሉት። የሕይወታቸው ሚዛን ወደየት እንዳደላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ስለዚህ ስለ እኚህ ሰው የምትጽፉና ጎብኚ የምትመሩ ሁሉ፣ «በውጊያ የወደቁ» አትበሉ፤ «በእርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ ጎዴ ላይ የተገደሉ» በሉ።