አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ለስንት ሰው ያስተላልፋል?

በሱዳን በኩል ለመጣችሁ ወላጆች ኩፍኝ አዲስ ስም አይደለም። በ1985 በምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ካምፖች ብዙ ሕፃናትን ቀጥፏል። እዚህ እስራኤልም በ2018 እና በ2019 ከ4,000 በላይ ሰዎችን ይዟል።

የጤና ባለሙያዎች በሽታ ወዴት እንደሚሄድ በሒሳብ ያሰላሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት «አንዱ ለስንት ያስተላልፋል?» ብለው ነው። ማንም ባልተከተበበት ቦታ አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። እኛ 15 ብለን እንያዘው። 15ቱ እያንዳንዳቸው ለሌላ 15 ቢያስተላልፉ 225 ይሆናሉ፤ በሦስተኛው ዙር 3,375። ከዙር ዙር ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንገልብጠው። ከ15ቱ 14ቱ በክትባት የተጠበቁ ከሆኑ በሽተኛው የሚያስይዘው አንድ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ሲከተብ በሽታው እየከሰመ ይሄዳል። ከ100 ሰው 95ቱ ይከተብ የሚባለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን አገሩ በሙሉ 95 ቢደርስም፣ በቂርያት ማላኪ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ያልተከተቡ ልጆች ከበዙ በሽታው በዚያ ይገባል። ሽፍታው ሳይወጣ ከ4 ቀን በፊት ጀምሮ ስለሚተላለፍ፣ ሰርግ ወይም ለቅሶ ላይ ማን እንደታመመ አይታወቅም።

በመደበኛው ጊዜ የመጀመሪያው ክትባት በ1 ዓመት፣ ሁለተኛው አንደኛ ክፍል ላይ ይሰጣል። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን የሚጠብቁት የተከተቡ ታላላቆቹ ናቸው። ስለዚህ አያቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁን የክትባት ፒንካስ አስነብቡ፤ የጎደለ ካለ ቲፓት ሐላብ ይጠየቅ።