ከጊታሪስቱ እግር ሥር

በገና ደርዳሪ ዜማውን ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ የሚሠራት አንዲት ትንሽ ሥራ አለችው። ብርኩማው ላይ፣ በየአውታሩ ሥር የገባችውን ቁራጭ ቆዳ በጣቱ ጫፍ ገፋ፣ ሳብ ያደርጋታል። አውታሩን ነካ አድርጎ ያዳምጣል፤ ካልጣመው እንደገና ይገፋታል። ቆዳዋ እንዚራ ትባላለች። ቦታዋን ስትይዝ፣ አውታሩ በተመታ ቁጥር እየነካካት ያ ደረት ውስጥ የሚገባው የበገና ንዝረት ይወጣል። እንዚራ የሌለው በገና ድምፁ ቀጭንና ዝግ ያለ ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች እግር ሥር የምትቀመጠው ሳጥን የዚህች ቆዳ የሩቅ ዘመድ ናት። ፔዳል የተባለችው በእግር ስለምትረገጥ ነው፤ እጅማ ሁለቱም ሥራ ላይ ነው። የእኛ ሙዚቀኞች ብዙ ጊዜ «ኢፌክት» ይሏታል። ከጊታሩ የመጣው ኬብል በአንድ ጎኗ ይገባል፣ በሌላው ጎኗ ወጥቶ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። በመካከል ድምፁን ታሻክረዋለች፣ ወይም ታስተጋባዋለች፣ ወይም ታወዛውዘዋለች። ሲረግጧት ትሠራለች፣ ደግመው ሲረግጧት ትተወዋለች። በቃ ይኸው ነው።

ጊታር የጀመረ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። አሥራ ሁለት ፔዳል በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ መብራቱ አረንጓዴና ቀይ፣ የሆነ የውጭ አገር ጊታሪስት ንብረት። «ጋሼ፣ ስንት ያስፈልገኛል?» ይለኛል። ሦስት፣ እለዋለሁ፤ ቱነር፣ ኦቨርድራይቭ፣ ዲሌይ። ፊቱ ይጠቁራል። ቱነሯን እንደ ኢፌክት ስለማይቆጥራት ሁለት ብቻ የነገርኩት ይመስለዋል።

ቱነር ድምፅ አትለውጥም፤ ጊታሩ መቃኘት አለመቃኘቱን በመብራት ታሳያለች፣ ስትረገጥም ድምፁን ትዘጋለች። በእኛ መድረክ ላይ የዚህን ጥቅም ለመረዳት አንድ ምሽት ከባንድ ጋር መቆም ይበቃል። አንዱ ድምፃዊ ወርዶ ሌላው ሲወጣ መካከሉ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቤቱ ሞቋል፣ ክሮቹ ረግበዋል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሕዝብ ሳይሰማ መቃኘት የሚቻለው በእሷ ነው። ያልተቃኘን ጊታር ደግሞ አሥራ ሁለት ፔዳል አያድነውም።

የማሻከሩ ነገር፣ የኦቨርድራይቭ ሥራ፣ ታሪኩ የሚጀምረው በብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ናሽቪል ውስጥ ሲቀረጽ የሚክሰሩ አንድ መስመር ተበላሽቶ የቤዝ ጊታሩን ሶሎ አሻከረው። አልጣሉትም፤ እንዳለ ወጣ፣ ሰውም ወደደው። በዓመቱ ያንን ብልሽት ሆን ብላ የምትሠራ ሳጥን በጊብሰን ኩባንያ «ማይስትሮ ፈዝ ቶን» ተብላ ገበያ ላይ ዋለች። ስሟ የገነነው ግን ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 «ሳቲስፋክሽን» ላይ ከተጠቀሙባት በኋላ ነው።

የኦቨርድራይቭ ፔዳልን ክዳን በስክሩድራይቨር ከፍቶ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የከፈልኩት?» ብሎ ነው። አንዲት ድምፅ የምታጎላ ቺፕ፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ ሁለት ዳዮዶች፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር አሉባት። ቺፗ የጊታሩን ሞገድ ታሳድጋለች፤ ዳዮዶቹ ከተወሰነ ከፍታ የዘለለውን ጫፍ ይከረክማሉ። ሞገዱ ጫፉ ሲከረከም ከዋናው ድምፅ ጎን ብዙ ተከታይ ድምፆች ይወለዳሉ፤ ሻካራነት የምንለው እነሱን ነው። እንዚራ በቆዳ የምትሠራውን ዳዮዶቹ በኤሌክትሪክ ይሠሩታል።

እዚህ ላይ ግን የእኛ ቅኝት ይመጣል። ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ወደ ማሻከሪያ ሲገባ ሳጥኗ ሁለቱን ብቻ አታወጣም፤ የሁለቱን ድምርና ልዩነትም ትወልዳለች። የሮክ ጊታሪስቶች ዘወትር የሚመቱት፣ ከመነሻው አምስተኛ ላይ ያለው ድምፅ ከመነሻው ጋር ሲገጥም ልዩነቱም ድምሩም ተስማምቶ ይወድቃል፤ ስለዚህ ግዙፍ ሆኖ ይሰማል። አንቺሆዬና አምባሰል ግን ከመነሻው ድምፅ በግማሽ ቶን ብቻ የሚርቅ ጎረቤት አላቸው። እነዚያን ሁለቱን አንድ ላይ በከባድ ዲስቶርሽን የመታ ሰው የሚያገኘው ጭቃ ነው፣ የትኛው ቅኝት እንደሆነ እንኳ አይለይም። ግማሽ ቶን የሌለበት ሜጀር ትዝታ ትንሽ ይታገሣል። እና የአማርኛ ዘፈን የሚያጅብ ጊታሪስት የሚያስፈልገው ቀለል ያለ፣ ጠንከር ሲሉ የሚሻክር፣ ለዘብ ሲሉ የሚጠራ ኦቨርድራይቭ ነው። አንድ። ይበልጥ የሚያሻክሩትን ዲስቶርሽንና ፈዝን ደርቦ መግዛት ለሌላ ሙዚቃ ነው። ለምሳሌ ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ባደረገው «ኤርታሌ» ሮክን ከአገር ቤት ዜማ ጋር አጋብቷል፤ የሻከረ ጊታር እዚያ ቤቱ ነው። እንዲያ የሚጫወት ካለ ፈዙንም ይግዛ፣ አልከለክልም።

ዲሌይ የገደል ማሚቶ ናት፤ የተመታውን ይዛ ቆይታ ትመልሳለች። ስንት ቆይታ? ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ፔዳሏ የተሠራችው አብዛኛው ሙዚቃ በአራት ለሚቆጠርበት አገር ነው፤ ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ለሦስት ይከፈላል። ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ጊዜ ከመጣ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። ዲሌይዋን በግማሹ፣ በ250 ላይ ያስቀመጠ ሰው ማሚቶው ከከበሮው ጋር ሲጋፋ ያመሻል። ወደ 167 ወይም ወደ 333 ቢያዞራት ግን ማሚቶው ራሱ ችክችካ ይመታለታል። ይህቺን አንዲት ነገር ማወቅ ከሁለት አዳዲስ ፔዳሎች ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በተረፈ ዲሌይዋን አሳጥሮ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትመልስ ያደረጋት ሰው የሪቨርብን፣ ማለትም የአዳራሽ ማስተጋባትን፣ ሥራ በከፊል ያሠራታል። ሳውንድ ማኑም ሚክሰሩ ላይ ሪቨርብ አለው፤ ሳይጠየቅ ይጨምራል።

ኮረስ፣ ፌዘር፣ ትሬሞሎ የሚባሉት የድምፅ ማወዛወዣዎች ናቸው። ያምራሉ። አንድ ዘፈን ላይ ያምራሉ፣ በሦስተኛው ላይ ይሰለቻሉ።

ዋዋን ግን እንዲህ አላልፋትም። እንደ መኪና ነዳጅ መርገጫ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትረገጥ፣ ጊታሩን አፍ እንዳለው ሰው «ዋ» የምታሰኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የተፈለሰፈች ፔዳል ናት። የሙላቱ አስታጥቄን የ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅጂዎች ያዳመጠ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሙዚቃ የውጭ አድርጎ ሊያየው አይችልም። ሙላቱ የአፍሪካ ጃዝ መንደሩን የከፈተው እዚሁ ግዮን ሆቴል ግቢ ነው። ከግዮን ዳገቱን ሲወጡ ሒልተን አለ፤ ዋሊያስ ባንድ በደርግ ዘመን የተጫወተበት። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ማህሙድ አማን ጊታር ይዞ፣ ኃይሉ መርጊያ ኪቦርዱ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡትን «ቼ በለው» አልበም፣ በተለይ «ሙዚቃዊ ስልት»ን፣ ዛሬ ፔዳል ሊገዛ ገንዘብ የሚያጠራቅም ልጅ ቁጭ ብሎ ቢሰማው እወዳለሁ። ኦርጋኑና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዜማውን ይሸከማሉ፤ ጊታሩ መቼ እንደሚገባና መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል። ዝም ማለትን የምታስተምር ፔዳል አልተሠራችም።

እንግዲህ የዚያን ዘመን ዘፈኖች የሚያዘወትር ባንድ ውስጥ ያለ ጊታሪስት ዋዋን አራተኛ ያድርጋት።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። አብዛኛዋ ፔዳል በ9 ቮልት ነው የምትሠራው፣ በባትሪ ወይም በአዳፕተር። ኦቨርድራይቭ ጥቂት ሚሊአምፒር ስለምትበላ አንድ ባትሪ ለብዙ ምሽት ይበቃታል። ዲጂታል ዲሌይ ግን ከ50 ሚሊአምፒር በላይ ትጎትታለች፤ ባትሪዋ አንድ ምሽት ቢያልፍ ነው። ደግሞ ማብሪያዋ ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ኬብል እስከተሰካባት ድረስ ባትረገጥም ባትሪ ትበላለች። የዲሌይዋን ኬብል ሳይነቅል የተኛ ሰው ጠዋት የሞተ ባትሪ ያገኛል።

እኔ የተማርኩት በአዳፕተር ነው። ያኔ የድሮው ካዛንቺስ አልፈረሰም። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ባሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» በተባሉ ቤቶች የተሰየመው ሰፈር፣ ማታ ማታ በአዝማሪ ቤቱና በክለቡ ብዛት የማይተኛበት ጊዜ ነበር። ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት በሰፈሩ ነበረ፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የውጭውን ጊታሪስት ከአገር ቤቱ ማሲንቆና ክራር ጋር ያገናኝበት ነበር። እኔ የምጫወተው ስሙን በማልጠራው አንድ ትንሽ ክለብ ነው። ሰባት ፔዳል ነበረኝ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣልኝን አዳፕተር ጽሑፉን ሳላነብ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። 120 ቮልት ይላል፤ የእኛ 220 ነው። መጀመሪያ ሸተተ፣ ከዚያ ጨሰ። ሰባቱም ጠፉ። ድምፃዊው ማይክራፎኑን ይዞ ቆሟል። የጊታሩን ኬብል ከፔዳሎቹ ነቅዬ በቀጥታ አምፑ ላይ ሰካሁትና ገባን።

ሌሊቱን ሙሉ እንዲያ ተጫወትኩ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ሳላውቀው የቀኝ እጄ ወደ ድልድዩ ተጠግቶ ክሮቹን በመዳፉ እያፈነ ክራር ክራር የሚል ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ስፈልግ በጣቴ፣ ስፈልግ በፕሌክትረም፣ የድምፅ መጠኑን ቁልፍ በትንሿ ጣቴ እያዞርኩ። ሊነጋጋ ሲል ዕቃ ስንሰበስብ ቤዝ ተጫዋቹ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ ወደ እኔ ዞረና «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ገና ጊታርህን ሰማሁት» አለኝ። ከዚያ በፊት ሰባቱን ፔዳል በሌላ አንድ አዳፕተር ሳሠራ ከሥር ሁልጊዜ የሚሰማ «እእእ» የሚል ጉምጉምታ ነበረው ለካ። ያ የ50 ሄርዝ ኤሌክትሪካችን ድምፅ ነው። ምድር መስመር በሌለው ሶኬት፣ በረጅም ኬብልና ርካሽ አዳፕተር ሲታገዝ በእያንዳንዷ ሳጥን እየጎላ ያልፋል። አራቱን በወሩ ሸጥኳቸው።

ለዚህ ሁሉ መልሱ መልቲ ኢፌክት ነው የሚሉ አሉ፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ሃምሳና መቶ ኢፌክት የያዘው። አንዳንድ ጊታሪስት ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ቅዳሜ ሰርግ ላይ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከጉራግኛ ወደ ሬጌ፣ ከዚያ ወደ ትግርኛ የሚገለባበጥ ባንድ ውስጥ ያለ ልጅ በአንድ ሶኬትና በአንድ አዳፕተር የሚሠራ ዕቃ ቢይዝ ልክ ነው፤ ሲጠፋም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠፋው። ችግሩ ምርጫው ነው። ልምምድ የተባለውን ሁለት ሰዓት ቁጥር ሲያገላብጥ የሚጨርስ ልጅ አይቻለሁ። መልቲ ያለው ሰው አራት ድምፅ አስተካክሎ በተራ ቁጥር ያስቀምጥ፣ የቀረውን እንደሌለ ይቁጠረው። መድረክ ጨለማ ነው፤ ሰባ ሦስተኛውን ፕሮግራም በእግር ጣት መፈለግ አይቻልም።

ቅደም ተከተሉን ለሚጠይቅም፦ ከጊታሩ መጀመሪያ ቱነር፣ ዋዋ ካለች እሷ፣ ከዚያ ኦቨርድራይቭ፣ ዲሌይ መጨረሻ። ዲሌይን ከኦቨርድራይቭ በፊት ያደረገ ሰው ማሚቶውንም አብሮ ያሻክረዋል፤ አንዳንዶች ሆን ብለው ያደርጉታል፣ ብዙዎቹ ግን ሳያውቁ።

የድሮው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። የተጫወትኩበት ክለብ የነበረበት ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው። ሦስቱ ፔዳሎቼ አብረውኝ አሉ፤ ቀለማቸው ለቋል፣ ይሠራሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ አራተኛ ፔዳል ከምታስልኩ የጊታር ክር አስልኩ፣ አሥር ጥቅል። አዳፕተር ካስፈለጋችሁም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ይሁን።