ቀኑን የረሳው ፈረሰኛ

መጽሐፍ ማንበብ ሲባል ለተማሪው ቶሎ ትዝ የሚለው ፈተና ነው፤ ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የደረጃ ዕድገት። ሰው ለደስታው ብቻ ሲያነብ ቢገኝ፥ ይልቁንም ያነበበው የጥንት ፈረንሳዮች ስለ ፈረሰኞችና ስለ ወይዛዝርት የጻፉት ልብ ወለድ ቢሆን፥ ጊዜውን በከንቱ እንዳጠፋ ይቈጠርበታል። እኛ ግን ለዚህ ሰው ጠበቃ ሆነን ልንቆም እንወዳለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታረም። ብዙ ሰው እነዚህን መጻሕፍት የሚንቀው ሳያነባቸው፥ በሴርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» በኩል ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1605 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የፈረሰኞች ታሪክ በማንበብ አእምሮው በተናወጠ ሰው ስላሳቀን፥ ታሪኮቹ ሁሉ የሞኝ መጫወቻ መስለው ቀሩ። ሰውየውን ያሳበዱት ግን በአብዛኛው በ16ኛው መቶ ዓመት በእስፓኝ አገር የታተሙት ናቸው። እኛ የምንናገርላቸው የፈረንሳዮቹ ከእነዚያ ከ300 ዓመት በላይ ይቀድማሉ።

በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሊቃውንት የሚጽፉት በላቲን ነበረ። ሕዝቡ የሚናገረው ቋንቋ «ሮማን» ይባል ስለ ነበር፥ በዚሁ ቋንቋ የተጻፈው ታሪክም በዚሁ ስም ተጠራ፤ ፈረንሳዮች ዛሬም ልብ ወለድን ሁሉ «ሮማን» የሚሉት ከዚያ የተነሣ ነው። ከታሪኮቹ አንዱ የእስክንድር ነው፤ በግዕዝ «ዜና እስክንድር» ያለን ሰዎች ከዚህ ላይ እንግዶች አይደለንም።

ከደራሲዎቹ ሁሉ እኛ የምናስቀድመው በ12ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በኋላ የጻፈውን ክሬትየን ደ ትሯን ነው። ስለ ንጉሥ አርተር ፈረሰኞች የጻፈው በግጥም፥ ባለ 8 ቀለም ስንኝ እያጣመረ ነው። እውነቱን ለመናገር ውጊያው ይመሳሰላል። ጦር ይሰበራል፤ ጋሻ ይሰነጠቃል፤ ከፈረስ ይወደቃል፤ ከዚያም በሰይፍ ይቀጠላል። አንባቢ ይህን ቢዘልለው አንቀየመውም። ደስታው ያለው በሌላ ስፍራ ነው።

«ባለ አንበሳው ፈረሰኛ» በተባለው ታሪኩ ኢቬን የሚባል ጐበዝ ሎዲን የምትባል እመቤት ያገባል። ወዳጁ ጎቬን፥ ሚስት ያገባ ሰው ቤት ተቀምጦ ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ ወደ ፈረስ ግጥሚያ ይጐትተዋል። ሚስቱም የአንድ ዓመት ፈቃድ ትሰጠዋለች፤ ቀኑ ካለፈ ግን ፍቅሯ ወደ ጥላቻ እንደሚለወጥ ታስጠነቅቀዋለች። ድል በድል ላይ ሲጨምር ቀኑን ይረሳል! የነሐሴ ወር እኩሌታ ደርሶ ከጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ሳለ በድንገት ትዝ ይለውና እንባው ይተናነቀዋል። ፈቃድ ወስዶ ቀን ያሳለፈ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ድንጋጤ ያውቀዋል። ወዲያው የእመቤቲቱ መልእክተኛ ደርሳ በንጉሡ ፊት ከሐዲ ብላ ቀለበቱን ከጣቱ ታወልቃለች። እርሱም አብዶ፥ ልብሱን ቀዶ፥ ጫካ ይገባል። አንድ ባሕታዊ ፈርቶ በመስኮት ዳቦ ያስቀምጥለታል፤ እብዱም በምላሹ ያደነውን ከደጁ ይጥልለታል። ባሕታዊው ሥጋውን ያለ ጨው ቀቅሎ ያበላዋል፤ ቆዳውን ሸጦ የተሻለ ዳቦ ይገዛበታል። በእኛ አስተያየት ከመቶ ውጊያ ይህች አንዲት የመስኮት ንግድ ትበልጣለች።

ኢቬን ድኖ፥ ከእባብ ያዳነውን አንበሳ አስከትሎ ሲዞር ወደ አንድ ግንብ ይደርሳል። በውስጡ 300 ያህል ልጃገረዶች ታግተው በሐርና በወርቅ ክር ይሠራሉ፤ ልብሳቸው ክንዳቸው ላይ ተቀዷል። ከሥራቸው ከአንድ ሊቭር፥ ማለት ከ240 ዴንዬ፥ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 4 ዴንዬ ብቻ ነው፤ በድካማቸው የሚከብረው ሌላ ነው። ፈረሰኛው አልፎ ወደ አትክልቱ ቦታ ሲገባ፥ የግንቡ ጌታ በሐር ጨርቅ ላይ ጋደም ብሎ፥ ገና 16 ዓመት ያልሞላት ሴት ልጁ ለእርሱና ለእናቷ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። መጽሐፉም ሮማን ነው።

ክሬትየን በዚህ ላይ አንድ ቃል አይጨምርም። ለደስታ የሚነበብ መጽሐፍ ከዓለም ያስረሳል የሚሉ ሰዎች ይህን ገጽ እንዲያነቡልን እንለምናለን፤ ሐሩን ማን እንደ ፈተለው የነገረን ያው ሮማን ነውና።

ኢቬን ልጃገረዶቹን ነጻ ካወጣ በኋላ ወደ ሚስቱ ይመለሳል። ዕርቁ የሚሆነው ግን በደንገጡሯ በሉኔት ብልሃት ነው፤ ባለ አንበሳውን ፈረሰኛ ከእመቤቱ ጋር አስታርቃለሁ ብላ እመቤቲቱ እንድትምል ታደርጋለች፤ ሎዲን ባለ አንበሳው የገዛ ባሏ መሆኑን አታውቅም። ስታውቅ ትቈጣለች፤ መሐላዋን ላለማፍረስ ግን ትቀበለዋለች። ደራሲው ከዚያ በኋላ በደስታ ኖሩ ይላል። እኛ ግን ስለ እርሱ ደስታ እንጂ ስለ እርሷ ደስታ አላመንነውም።