የኤውሮፓ በጋና የአውስትራልያ እንግዳ

በሐምሌ ወር በእኛ አገር ዝናቡ ጠንክሮ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ሲሰነብት፣ በፓሪስና በማድሪድ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ሳትጠልቅ ትቈያለች፤ በሲድኒና በሜልቦርን ደግሞ ሰው ወፍራም ልብስ ደርቦ ይሄዳል። ወሩ አንድ ሲሆን ወቅቱ ግን በሦስቱ ክፍላተ ዓለም ሦስት ዓይነት ነው። ምክንያቱም ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞረው ዘንበል ብላ ስለሆነ፣ ሰሜናዊው ክፍል ወደ ፀሐይ በሚያጋድልበት ጊዜ ደቡባዊው ክፍል ከፀሐይ ይርቃል። ስለዚህም አውስትራልያዊ የልደትን በዓል በሙቀት በባሕር ዳር አክብሮ፣ የአገሩ ብርድ ሲጀምር ሻንጣውን አዘጋጅቶ የኤውሮፓን በጋ ፍለጋ ይነሣል።

ዛሬ ለአንባብያን ልንገልጽ ያሰብነው፣ ይህ ሰው ከምድር ወዲያኛው ጫፍ መጥቶ በኤውሮፓ ከተሞችና መንደሮች ከባለአገሩ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያሰናክለውና ምን እንደሚረዳው ነው። ነገሩ የአውስትራልያውያን ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ በሰው አገር እንግዳ ለሆነ ሁሉ የሚጠቅም ቁም ነገር አለበት። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የመንገዱን ርዝመት መመልከት ያስፈልጋል። ከሲድኒ እስከ ሎንዶን ያለው ርቀት 17,000 ኪሎሜትር ያህል ነው። የመርከብ ጉዞ የተለመደ በነበረበት ዘመን መንገደኛው በኮሎምቦና በዓደን ወደቦች እያረፈ፣ ቀይ ባሕርን አቋርጦና በሱዌዝ ካናል አልፎ እንግሊዝ አገር ለመድረስ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጅበት ነበር። በዲሴምበር 1947 ኳንታስ የተባለው የአውስትራልያ አየር መንገድ ከሲድኒ ወደ ሎንዶን መደበኛ በረራ ሲጀምር፣ አይሮፕላኑ በመንገድ እያደረ አራት ቀን ይወስድበት ነበር። በማርች 2018 ግን ከምዕራብ አውስትራልያ ከተማ ከፐርዝ ተነሥቶ የትም ሳያርፍ በ17 ሰዓት ገደማ ሎንዶን የሚደርስ በረራ ተጀመረ።

መንገዱ ይህን ያህል ሩቅ በመሆኑ፣ ወደ ኤውሮፓ የሚሄድ አውስትራልያዊ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ቀን ብሎ አይሄድም። ይህ ልማድ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ሳይቀር ምልክቱን ትቷል። በ1860ዎቹ ዓመታት በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራልያ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ዘመዱን ጠይቆ እንዲመለስ የረዥም አገልግሎት ፈቃድ ይሰጠው ጀመር። ይህ ፈቃድ ቀስ በቀስ ለሌላውም ሠራተኛ ተዳርሶ ዛሬም በአውስትራልያ ይሠራበታል። ዛሬ ደግሞ ወደ ኤውሮፓ ከሚሄዱት መካከል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከግሪክና ከኢጣልያ ወደ አውስትራልያ የፈለሱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ፣ የአያታቸውን መንደር ለማየት የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው።

እንግዳው ከደረሰ በኋላ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ከአገሩ ልጆች ጋር ተሰብስቦ መኖር ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ኤርልስ ኮርት በተባለው የሎንዶን ሰፈር አውስትራልያውያን ወጣቶች በብዛት ክፍል እየተከራዩ ስለተቀመጡበት፣ ሰፈሩ «የካንጋሩ ሸለቆ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። በዚያ ሰፈር አዲስ መጪ ሥራ የሚጠቁመው፣ ማደሪያ የሚያካፍለውና ናፍቆቱን የሚያወያየው ሰው አያጣም ነበር። ይህ መረዳዳት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ክበብ ሳይወጣ የሚከርም ሰው፣ የሎንዶንን ሕንጻዎች አይቶ የሎንዶንን ሰው ሳያውቅ ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ከባለአገሩ ጋር መኖር ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን ባልና ሚስት አውስትራልያውያን ደራስያን ጆርጅ ጆንስተንና ቻርሚያን ክሊፍት ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሎንዶን ጥቂት ዓመታት ከተቀመጡ በኋላ፣ በ1954 መጨረሻ ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ካሊምኖስ ወደምትባል የግሪክ ደሴት ሄዱ። የደሴቲቱ ወንዶች ከባሕር ጠለል በታች እየጠለቁ ስፖንጅ በመልቀም የሚኖሩ ነበሩ። ከዚያም ኢድራ ወደተባለችው ደሴት ተሻግረው እስከ 1964 ድረስ ተቀመጡ። ኢድራ እስከ ዛሬም ሰው በመኪና የማይመላለስባት፣ ዕቃ በበቅሎና በአህያ የሚጓጓዝባት ናት። ኑሯቸው ሁሉ የተቃና ነበር ለማለት አይቻልም፤ የገንዘብ ችግርና ሕመም አላጣቸውም። ይሁን እንጂ ክሊፍት ስለ መንደሩ ሴቶች፣ ስለ ልደትና ስለ ሐዘን፣ ስለ ገበያና ስለ ጐረቤት የጻፈቻቸው መጻሕፍት ዛሬም የሚነበቡት፣ ከመስኮት የታየ ሳይሆን አብሮ የተኖረ ኑሮ ስለሚገልጹ ነው።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮው እንለፍ። አውስትራልያዊን መጀመሪያ የሚያሰናክለው የአጠራር ነገር ነው። በአገሩ ሹምና ሠራተኛ፣ ሐኪምና በሽተኛ በመጀመሪያ ስማቸው መጠራራታቸው የተለመደ ነው። ብቻውን ታክሲ የሚሳፈር ሰው እንኳ ከሾፌሩ አጠገብ መቀመጡ እንደ ወዳጅነት ይቈጠርለታል። የሚናገርበት የእንግሊዝኛ ቋንቋም «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለውን አይለይም። በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ግን ይህ ልዩነት አለ፤ የማያውቁትን አዋቂ ሰው ሳያስፈቅዱ «አንተ» ማለት ድፍረት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ታላቁን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» እያለ ያደገ ነውና። አውስትራልያዊው ግን ወዳጅነቱን ለመግለጽ ብሎ የተናገረው ቃል ንቀት ሆኖ ሲቈጠርበት ይገረማል።

ሁለተኛው ሰላምታ ነው። በፈረንሳይ አገር ዳቦ ቤት ወይም መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው፣ የሚፈልገውን ከመናገሩ በፊት «ቦንዡር» ማለት፣ ማለትም እንደምን ዋሉ ብሎ ሰላምታ መስጠት አለበት። ይህን ሳይል ዋጋ የጠየቀ እንግዳ ፊት ቢነሡት፣ ፈረንሳውያን የውጭ ሰው ይጠላሉ ብሎ ለዘመዶቹ ይጽፋል። በባለሱቁ በኩል ሲታይ ግን፣ ቤቱ ገብቶ ሰላም ያላለው እንግዳው ነው። አንዲቱ ቃል ከተባለች በኋላ ግን የእንግዳው ፈረንሳይኛ የተሰባበረ ቢሆን እንኳ በትዕግሥት የሚያዳምጠው ሰው አያጣም።

ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። በእስፓኝ አገር ምሳ የሚበላው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ እራትም ከምሽቱ 3 ሰዓት ወዲያ ነው። በአገሩ ልማድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እራት ፈልጎ የሚወጣ አውስትራልያዊ የተዘጋ በር ያገኛል። በኢጣልያ ብዙ ሰው ቡናውን ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ተቀምጦ ለሚጠጣም በብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል። በጀርመን የእሑድ ዕረፍት በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ስለሆነ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፤ በዚያም ቀን በመዶሻ መምታት ወይም ጩኸት ማሰማት ጐረቤትን ያስቈጣል። እንግዳው ቅዳሜ ስንቁን መግዛት ያለበት ስለዚህ ነው።

አራተኛው የሒሳብ አከፋፈል ነው። አውስትራልያውያን አብረው ሲጠጡ አንዱ ለሁሉም ይከፍላል፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው በየተራው ይከፍላል። ተራው ሲደርስ የሸሸ ሰው ስሙ ይጠፋል። በጀርመን ግን አሳላፊው ሒሳቡን ሲያመጣ አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ ለየብቻ መክፈልም ነውር አይደለም። አውስትራልያዊው ለሁሉም ከፍሎ ተራውን ሲጠብቅ፣ ጀርመናዊው ግን ለቸርነቱ አመስግኖ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ከሁለቱ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም፤ እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን ወግ ተከትለዋል።

ከወግ ሌላ ሕግም አለ። የሼንገን ስምምነት አባል የሆኑት 29 አገሮች በመካከላቸው የድንበር ቍጥጥርን በመሠረቱ ስላስቀሩ፣ አውስትራልያዊ ጐብኚ ያለ ቪዛ በእነዚህ አገሮች ሁሉ በድምሩ ሊቈይ የሚችለው በማናቸውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ከፈረንሳይ ወደ ኢጣልያ መሻገር ቍጥሩን እንደገና አያስጀምርም፤ የገባበትና የወጣበት ቀንም ይቈጠራል። ብሪታንያና አየርላንድ ከዚህ ስምምነት ውጭ ስለሆኑ፣ በዚያ የሚያሳልፈው ጊዜ በየአገሩ ሕግ ለብቻው ይታያል። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ደግሞ የመግቢያና የመውጫ ቀን ከጣት አሻራና ከፊት ሥዕል ጋር የሚመዘገብበት አሠራር ስለተጀመረ፣ የፓስፖርት ማኅተም ደብዝዞ ይታለፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። ቀኑን ያሳለፈ ሰው የገንዘብ መቀጮ ወይም የመግባት እገዳ ሊደርስበት ይችላል።

በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን የኦገስት ወር ነው። በፈረንሳይ ሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ እየተከፈለው የሚያርፍበት ፈቃድ በ1936 በሕግ ተደነገገ፤ ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት የነበረው ከ1982 ጀምሮ አምስት ሳምንት ሆኗል። ሕዝቡም ከዚህ ፈቃድ ብዙውን በኦገስት ይወስዳል። በኢጣልያ ኦገስት 15 ቀን «ፌራጎስቶ» ይባላል፤ ስሙ ከሮማ ንጉሠ ነገሥት ከአውግስጦስ ዘመን የወረደ ሲሆን፣ ቀኑ በካቶሊኮች ዘንድ እኛ በነሐሴ 16 ቀን የምናስበው የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነው። በእነዚህ ሳምንታት ባሕር ዳሩ በሰው ሲሞላ፣ በከተማው ውስጥ ብዙ ዳቦ ቤት ይዘጋል፤ ሐኪሙም ለዕረፍት ይሄዳል። በከተማው የሚቀሩት እንግዶች፣ ድኾችና ሽማግሌዎች ናቸው።

የዚህ ወር ባዶነት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በኦገስት 2003 ታይቷል። በዚያ በጋ ከባድ ሙቀት በኤውሮፓ ላይ ወድቆ በፈረንሳይ ብቻ 15,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። በፓሪስ አስከሬናቸውን የሚረከብ ዘመድ ያልቀረበላቸው 57 ሰዎች፣ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በተገኙበት በሴፕቴምበር 3 ቀን 2003 በአንድ መቃብር ስፍራ ተቀበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ሕግ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ድኩማን በየማዘጋጃ ቤቱ እንዲመዘገቡና በሙቀት ጊዜ እንዲጠየቁ ተደረገ።

ታዲያ ይህ ከእንግዳው ጋር ምን ያገናኘዋል? ባለቤቱ ለዕረፍት ሲሄድ ያከራየውን ቤት የሚከራየው ብዙ ጊዜ የውጭ አገር እንግዳ ነው። በዚያ ሕንጻ ደረጃ ላይ በኦገስት የሚወጣና የሚወርድ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አውስትራልያዊ ደግሞ ሙቀትን ያውቃል፤ በቀን መስኮትና መጋረጃ ዘግቶ በሌሊት መክፈት፣ ሳይጠሙ ውሃ መጠጣት፣ በቀትር ከቤት አለመውጣት በልጅነቱ የተማረው ነው። ጠዋት «ቦንዡር» ብሎ ያለፋቸው አሮጊት በማግሥቱ ካልታዩት፣ በራቸውን ለማንኳኳት የሚችለው አስቀድሞ ሰላም ስላላቸው ነው። ሰላም ያላለው ሰው ግን መኖራቸውንም አላወቀ፤ መቅረታቸውንም አያውቅም።

ስለዚህ ሰላምታን መማር፣ የባለአገሩን የምግብና የዕረፍት ሰዓት ማወቅ፣ ታላቁን በተገቢው ቃል መጥራት ለማስመሰል የሚደረግ ትሕትና አይደለም። እንግዳው ከሰው ቍጥር የሚገባበት፣ እርሱም ሌላውን ከሰው የሚቈጥርበት መንገድ ነው። ከአንባብያን መካከል ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ኤውሮፓ ለመሄድ የተዘጋጀ ቢኖር፣ ከሩቅ አገር ከመጣው ከአውስትራልያዊው ስሕተትም ከመልካም ሥራውም ሊማር ይችላል። ካረፈበት ቤት በር ላይ የሚያገኘውን ሰው እንደምን አደሩ ብሎ ይጀምር።