ሮማን በእግር ስለ መጐብኘት

የሩቅ አገርን ከተማ ማየት ለዓይን ደስታ ብቻ ሳይሆን ለአእምሮም ትምህርት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ማየት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በአውቶሞቢል መስኮት እያዩ ማለፍ ነው፤ ሁለተኛው በእግር እየሄዱ፣ ነገሩን የሚያውቀውን ሰው እየጠየቁ መመልከት ነው። ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ ይተርፋል፤ ከሁለተኛው ግን ዕውቀት ይገኛል። ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ነገር በዚህ ገጽ መግለጽ ልማዳችን ስለ ሆነ፣ በቅርብ ጊዜ ከቤተ ሰባችን ጋራ ሆነን ሮማን በእግር የጐበኘንበትን ሁኔታና ከዚያ ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

እኛ ባልና ሚስት ወደ ሮማ የሄድነው እናታችንንና ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ነው። ሴቲቱ ልጃችን 12 ዓመት፣ ወንዱ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። እናታችን ግን መንገዱን በደስታ አልተቀበሉትም ነበር። አባታቸው በ1936 ዓመት ወደ ማይጨው ዘምተው ቈስለው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እያነከሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአክሱም ተወስዶ በሮማ የተተከለው ሐውልት ሲመለስ ለማየት እየተመኙ ሳያዩት ዐረፉ። ስለዚህ እናታችን፣ «የሮማን ድንጋይ አይቼ ምን ላተርፍ?» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ግን የልጅ ልጆቻቸው ልመና አሸነፋቸው።

በመጀመሪያው ቀን አርባ ከሚሆኑ መንገደኞች ጋራ ተደባልቀን ወጣን። መሪው ትንሽ ባንዲራ በዘንግ ላይ ሰቅሎ እየተቻኰለ ይሄዳል፤ ሕዝቡም እርሱን እንዳያጣ ይሮጣል። እናታችን ወደ ኋላ ቀሩ፤ እርሳቸውን ስንጠብቅ ነገሩ ያመልጠናል፤ ነገሩን ስንከተል እርሳቸው ይርቁናል። ማታ ልጃችንን፣ «ዛሬ ምን አየህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ «የሰውዬውን ባንዲራ» ብሎ መለሰልን። ገንዘባችንም ጊዜያችንም በከንቱ መጥፋቱን በዚህ ዐወቅን።

በማግሥቱ ለቤተ ሰባችን ብቻ የሚሆን አስጐብኚ ፈለግን። ያገኘናቸውም የአስጐብኚነት ፈቃድ ያላቸው፣ በዕድሜ የበሰሉ የከተማው ተወላጅ እመቤት ናቸው። ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የምንሄድበትን መንገድ አስቀድመን ተስማማን። ሁለት ነገርም አደራ አልናቸው፤ አንደኛ በእናታችን እርምጃ ልክ እንዲሄዱ፣ ሁለተኛ አገራችንን የሚነካ ነገር ሲገኝ እንዳይሸሽጉን። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያውስ ከባቡር ጣቢያው እንነሣ፤ የመንገዱም መጨረሻ በፖርታ ካፔና ይሁን» አሉን።

ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በ1887 ዓመት ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል ያደረጓቸው ወታደሮች ናቸው። ከዚያ አጠገብ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አቅራቢያ፣ ለእነዚሁ ሙታን መታሰቢያ የቆመ ከግብፅ የመጣ ሐውልት አለ። ይህን ስፍራ ብዙ መንገደኛ ሳያስተውለው ያልፋል። አስጐብኚያችን ግን ቆመው፣ በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ በዚህ ሐውልት ሥር ተቀምጦ እንደ ነበረ፣ ዘርዓይ ደረስም አንበሳውን አይቶ በቍጣ የተነሣው በዚሁ ስፍራ እንደ ሆነ፣ አንበሳው ኋላ ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩን። ቀጥለውም፣ «በዚህ ስማቸው የተጻፈው የእኛ ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን የሰው አገር ላይ የላካቸው የገዦቻቸው ምኞት ነው» አሉ። ቃሉን ተርጕመን ለእናታችን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «የሞተስ ነፍሱን ይማር» አሉ። ከዚያ በኋላ ከአስጐብኚዋ አጠገብ ሆነው መሄድ ጀመሩ።

ከጣቢያው ጥቂት እንደ ተራመዱ የቅድስት ማርያም ታላቋ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። የተሠራችው በ5ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ በዐምዶቿ ላይ ያሉት የብሉይ ኪዳን ሥዕሎች ከትንንሽ ባለ ቀለም ጠጠር የተገጣጠሙ ናቸው። በነሐሴ ወር መሠረቷን የሚያመለክት በረዶ ወረደ የሚል ትውፊት ስላለ፣ በየዓመቱ ኦገስት 5 ቀን ነጭ የአበባ ቅጠል ከጣራዋ ይበተናል። በ2025 ዓመት ያረፉት ፓፓ ፍራንቸስኮስ የተቀበሩት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው።

በአንደኛው ጸሎት ቤት ውስጥ ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። እጆቿን አመሳቅላ ልጇን ታቅፋለች፤ በእጇም መሐረብ ይዛለች፤ ሕፃኑ መጽሐፍ ይዞ ይባርካል። እናታችን ይህን ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው ሦስት ጊዜ አማተቡና፣ «ይህችማ የእኛዋ ናት!» አሉ። አልተሳሳቱም። የሥዕል ታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት የዚህን ሥዕል ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ አምጥተው ነበር። መነኮሳቱ ከአገር ቢወጡም የእኛ ሠዓሊዎች ሥዕሉን ተቀብለው በገዛ እጃቸውና በገዛ ቀለማቸው አገርኛ አደረጉት። አስጐብኚያችን ግን ይህን ነገር ከዚያ በፊት አልሰሙም ነበርና፣ የእናታችንን ቃል በትንሽ ደብተራቸው ጻፉት። መልካም አስጐብኚ የሚያስተምር ብቻ ሳይሆን የሚማርም መሆኑን ያን ጊዜ አየን።

ከዚያ ወጥተን ወደ ላተራኖ የሚወስደውን ቀጥ ያለ መንገድ ያዝን። በመንገድ ዳር ያሉት የብረት ምንጮች ለሕፃናት ታላቅ ደስታ ናቸው። ከ1874 ዓመት ጀምሮ የተተከሉ ሲሆን፣ የውሃው መውጫ እንደ አፍንጫ ስለ ታጠፈ የከተማው ሕዝብ «ትልልቅ አፍንጫዎች» ይላቸዋል። ውሃው ንጹሕና የሚጠጣ ነው። መውጫውን በጣት ሲደፍኑት በላይ ካለችው ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል። ልጃችን ይህን ከተማረ በኋላ ጥማትም ድካምም አላነሣብንም።

በመንገዱ መጨረሻ የላተራኖ ሐውልት ይታያል። በሮማ ዛሬ፣ ቫቲካን ያለውን ጨምሮ፣ 13 ጥንታውያን ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከሁሉም ረዥሙ ይህ ነው። ቁመቱ ያለ መቆሚያው ከ32 ሜትር ይበልጣል። ከግብፅ፣ ከካርናክ ቤተ ጣዖት ተነቅሎ ወደ ሮማ የደረሰው በ357 ዓመት፣ በንጉሠ ነገሥቱ በቈስጠንጢኖስ ልጅ በቈስጣንዮስ ዘመን ነው። ይህም ንጉሥ ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ለአክሱም ንጉሥ ለኢዛና ደብዳቤ የጻፈው ነው። ሐውልቱ መጀመሪያ የቆመው ቺርኮ ማሲሞ በተባለው በፈረስ መሽቀዳደሚያው ሜዳ ነበር። ኋላ ወድቆ በሦስት ተሰብሮ በመሬት ውስጥ ተቀበረ። ፓፓ ሲክስቶስ 5ኛ አስቈፍረው አወጡትና በ1588 ዓመት መሐንዲሱ ዶሜኒኮ ፎንታና በዛሬው ስፍራ አቆመው። ፓፓው እንዲህ ያሉትን ሐውልቶች በየታላላቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ያስተከሉት ተሳላሚ መንገደኛ ከሩቅ አይቶ እንዲመራባቸው ነው።

ከላተራኖ ወደ ኮሎሴዎ በሚወርደው መንገድ ላይ የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ውጭዋን ሲያዩ እንደ ሌላው ናት። ነገር ግን በደረጃ ሲወርዱ ከ12ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሥር የ4ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ከዚያም ሥር በ1ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤትና ሚትራ የተባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ ክፍል አለ። በ1857 ዓመት ቍፋሮውን የጀመሩት ሙሉሊ የተባሉ የአየርላንድ ተወላጅ መነኵሴ ናቸው። በታችኛው ክፍል ቆመን ስናዳምጥ ከመሬት በታች የሚፈስ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ሴቲቱ ልጃችን፣ «እንግዲያስ ከተማው የሚሄደው በሌላ ከተማ ራስ ላይ ነው» አለች። አስጐብኚያችንም ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም ብለው አመሰገኗት።

ስለ ኮሎሴዎ ብዙ ስለ ተጻፈ በአጭሩ እናልፋለን። በ80 ዓመት የተመረቀ፣ 50,000 ያህል ሰው ይይዝ የነበረ የትርኢት ስፍራ ነው። በታች ካሉት 80 ቅስቶች በአንዳንዶቹ ላይ የመግቢያው ቍጥር ዛሬም ተቀርጾ ይታያል፤ ልጆቻችን ቍጥሩን እየፈለጉ ሮማዊውን አኃዝ ተማሩ። ሰው ከሰውና ከአውሬ ጋራ ሲጋደል ይታይበት የነበረው ይህ ስፍራ፣ በዘመናችን አንድ አገር የሞት ቅጣትን በሻረ ጊዜ በሌሊት መብራት እንዲደምቅ መደረጉ ለእኛ ታላቅ ትምህርት ሆኖ ታየን።

በመጨረሻም በቈስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ አልፈን ፖርታ ካፔና ደረስን። የላተራኖው ሐውልት መጀመሪያ የቆመበት ሜዳ በአጠገቡ ነው። በአደባባዩ ጐን ያለው ታላቅ ሕንፃ ለኢጣልያ አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ሲሆን፣ ከ1951 ዓመት ወዲህ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ሆኗል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ዓመት የተተከለው በዚህ አደባባይ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተጽፎ ሳለ፣ ሐውልቱ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ2002 ዓመት መብረቅ ጫፉን መታው፤ በ2003 ተነቀለ፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2008 ዓመትም በአገሩ ምድር ቆመ። ዛሬ በአደባባዩ ላይ በ2009 ዓመት የቆሙ ሁለት የጥንት ዐምዶች ብቻ ይታያሉ፤ እነርሱም በ2001 ዓመት በአሜሪካ በደረሰው አደጋ ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው።

ሴቲቱ ልጃችን፣ «ታዲያ የግብፆቹ ሐውልቶች ለምን አልተመለሱም?» ብላ ጠየቀች። አስጐብኚያችን ነገሩን አላድበሰበሱትም። «የግብፆቹን የወሰዱት ነገሥታት ከሞቱ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኗል። የአክሱሙን ግን የወሰዱትም የተወሰደባቸውም በሕይወት ሳሉ ውል ተጽፎ ነበር። ውሉ እንዲፈጸም ያደረገው የእኛ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ የእናንተ ሰዎች ሳይታክቱ መጠየቃቸው ነው» አሏት።

እናታችን በድንጋይ መቀመጫ ላይ ዐርፈው ስፍራውን ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። በኋላም፣ «ባዶ ቦታ ለማየት ይህን ያህል አገር ይኬዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። አባቴ ያላየውን እኔ አየሁለት» አሉ። አስጐብኚያችንም ትርጓሜ ሳይጠይቁ እጃቸውን ያዟቸው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ወደ ማደሪያችን ተመለስን። የሄድንበት መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዕረፍቱን ጨምሮ አራት ሰዓት ፈጀ።

ቤተ ሰቡን ይዞ እንዲህ ላለ ጕብኝት ለሚነሣ አንባቢ ጥቂት ምክር እንጨምራለን። አንደኛ፣ አስጐብኚው ፈቃድ ያለው መሆኑን አይቶ፣ ዋጋውንና የመግቢያውን ክፍያ ለይቶ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ጥቁርና ትንንሽ ድንጋይ የተነጠፈበት ስለ ሆነ ታኮው ረዥም የሆነ ጫማ አይስማማም። ሦስተኛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሁሉ ትከሻውንና ጕልበቱን መሸፈን አለበት፤ ለዚህ የእኛ ነጠላ እጅግ የተመቸ ነው። አራተኛ፣ ፀሐይ ሳይበረታ በጧት መነሣት መልካም ነው፤ አንዳንድ ቤተ ክርስቲያንም በቀትር ይዘጋልና። አምስተኛ፣ የእርምጃው ልክ የሽማግሌውና የሕፃኑ እንጂ የጐልማሳው አይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ልጆች ስለ ሌላው አገር ክብርም ሆነ ስለ በደሉ እውነቱን በስፍራው ቆመው ይስሙ። ክብሩን ብቻ የሰማ ልጅ የራሱን አገር ይንቃል፤ በደሉን ብቻ የሰማም ከሌላው ሊማር አይችልም። አያቶችም በሕይወት ሳሉ አብረው ይሂዱ፤ አስጐብኚ የማያውቀውን እነርሱ ያውቃሉና።